ያልረጋ ሸራ

በሕንፃው ጣሪያ ላይ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን ክረምት ገብቶም አልተነቀለም። የምንትዋብ ባል ዮናታን ያረፈው ገና የበልግ ዝናብ ሲያካፋ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ድሮ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ይነሳ ነበር፤ ሐዘንተኛው ተጽናና አልተጽናና ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ድንኳን የሚነሳው ሸራው ሲረጋ ነው። የምንትዋብ ሸራ ደግሞ እንቢ ብሏል።

ደንቡን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት የሕንፃው እድር ድንኳን ይተክላል። ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከብርጭቆው ጋር አንድ ሸራ፣ ቀለምና ብሩሽ ይመጣል። ሐዘንተኛው በየማለዳው ሸራው ፊት ተቀምጦ ይስላል። ሸራው አይቀየርም፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይሳላል። ጎረቤት ቀንም ሌሊትም በተራ አብሮ ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛና ሸራ ብቻቸውን አይተዉም። አርብ አርብ አንባቢ ይመጣል። አንባቢው ሸራውን አይቶ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ ወይ «ረግቷል»፣ ወይ «አልረጋም»። የረጋ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ድንኳኑ ይጠቀለላል፣ ጎረቤትም እፎይ ብሎ ወደ ጓዳው ይገባል። ያልረጋ ሰው እስኪረጋ ሥራ አይገባም፤ ከሕንፃውም አይወጣም።

ነገሩ በጉልበት የመጣ አልነበረም። በመሬት መንሸራተቱ ዓመታት የደሴ ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ አፉ ተለጉሞ በየመጠለያው በተቀመጠበት ጊዜ፣ ቀለምና ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ወራት ሙሉ ያልተናገሩ ሰዎች ሥለው ሥለው ተናገሩ። ከሦስተኛው ፎቅ እትዬ ሄራን፣ ሁለት እህቶቿን በአንድ ጠዋት የቀበረችው፣ እስከ ዛሬ «እኔን ከሞት የመለሰኝ ብሩሽ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ጥሩ ነገር ነበርና ለሁሉም ይድረስ ተባለ። ለሁሉም ይድረስ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማንም አይቅርበት ተባለ።

ምንትዋብ የምትስለው ጉም ነበር።

ባሏ ዮናታን ጦሳ ተራራ ላይ ያሉትን መብራት የሚያመነጩ የነፋስ ምሰሶዎች የሚጠግን ሰው ነበር። የወደቀው በጉም ውስጥ ነው። ከታች የነበሩት ባልደረቦቹ ድምፅ ሰሙ እንጂ አላዩም። አስከሬኑን ያመጡት ሰዎች በሯ ላይ ቆመው መሬት መሬት ሲያዩ፣ «ማን ነበር አብሮት? ማን አየው?» አለቻቸው። አንዱ፣ «ጉም ነበር፤ ማንም አላየውም» አላት። በመጀመሪያው ማለዳ ሸራው ፊት ስትቀመጥ የምታውቀው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ግራጫ ቀለም ነክራ ከላይ ከግራ ጥግ ጀምራ እስከ ታች ቀባችው። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ሸራውን ዓይኗን ከፍታ ማየት ስለማትወድ፣ እጇ መንገዱን ያውቃል ብላ ዝም ብላ ትቀባው ነበር። አንዲት ጠብታ እንባ ግን አልወጣትም።

«አንቺ ሴትዮ» አለቻት ፈትያ አንድ ማለዳ፣ ነጠላዋን ከዝናቡ እያራገፈች። ፈትያ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ናት፤ ምድር ቤት ሙሽራ የምታስጌጥበትን ሱቋን ዘግታ ነው ተራዋን የምትቀመጠው። «አንድ ወፍ ብታሳርፊበት ምን አለበት? ትንሽዬ ወፍ። ማን ይጎዳል?»

«አንባቢዎቹን ወፍ ሰልችቷቸዋል» አለ ጋሽ ኢምራን ከአግዳሚው ጫፍ። ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ጉልበቱን ያስታምማል። «አምና የሞተ ሰው ሁሉ ሸራ ላይ ወፍ ነበር። ወፏ ራሷ ደክሟት ተራ አስያዘች አሉ።»

«አንተ ደግሞ! ለቅሶ ቤት ነው ያለኸው» አለች እትዬ ሄራን፤ ግን ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለቅሶ ቤት ከሆነማ ማን አለቀሰ?» አለ ኢምራን። ወዲያው ያለውን ነገር ሰማውና ደነገጠ። «አብሽሪ ምንትዬ፤ አፌን ቁርጥማት ይያዘውና...»

«ምንም አይደል ጋሼ» አለች ምንትዋብ። «እውነት ነው።»

ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። ምንትዋብ ብሩሹን ይዛ እያለ ሁሉንም በዓይኗ ጥግ ታያቸዋለች። ኢምራን እርጥበቱ ጉልበቱን ሲበላው እግሩን በቀስታ ይዘረጋል፣ ማንም እንዳያየው ደግሞ ይሰበስበዋል። ፈትያ ሱቋ ከተዘጋ ስንት ደንበኛ እንደሸሻት አትናገርም። እትዬ ሄራን ሌሊት ተቀምጣ አድራ ቀን ትንቀጠቀጣለች። አንዳቸውም «ደከመን» አይሉም። አለማለታቸው ነበር ምንትዋብን የሚያንቃት። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

ማታ ማታ ተራ ሲቀየር የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማክቤል ይመጣል። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን ይደግማል። «የሰው ሸራ አይነካም! በሰው ሸራ ላይ እጁ የተገኘ፣ ያ ሰው ቤቱ እንዳልረጋ ይቆጠራል። ያልረጉ ቤቶች ሲበዙ ሕንፃው አልረጋም ይባላል። ወገኖቼ፣ እንተዋወቃለን። አደራ!» ይህን ብሎ ሳል ይይዘዋል፤ ከዚያ ምንትዋብን ቀና ብሎ ሳያያት፣ «አብሽሪ ልጄ» ይላትና ይወርዳል።

አንባቢዋ አስካለ ትባላለች። በዚያ ዘመን ሽማግሌዎቹ ማክቤልና ሄራን፣ ወጣቶቹ አስካለና ዘርፌ ይባሉ ነበር፤ ስምም እንደ ልብስ ዞሮ ይመጣል። አስካለ ትሑት ልጅ ናት። ጫማዋን ድንኳኑ በር ላይ ታወልቃለች፤ ከማንበቧ በፊት ሐዘንተኛውን «እንዴት አደሩ?» ብላ መልሱን እስከ መጨረሻው ትሰማለች። ሌሎች አንባቢዎች እንዲህ አያደርጉም።

የዚያን አርብ ሸራው ፊት ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆመች።

«አልረጋም» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ምንትዋብ።

«እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር ወይዘሮ ምንትዋብ። ግራጫ ያስቀባ ሐዘን ብዙ አይቻለሁ፤ ቀስ ብሎ ይገፈፋል። የእርስዎ ግን እየተበታተነ ነው። ከሥሩ ያለው ከላዩ ካለው ጋር አይገናኝም። አንድ ሰው የሳለው አይመስልም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንዲህ ሲሆን ሰውየው ለሁለት ለሦስት ተከፍሏል እንላለን። በሚቀጥለው አርብ ካልተሰበሰበ የሸራው ንብርብር ተገልጦ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ያለው... ማረፊያ ነው።»

ማረፊያው ከሐይቅ ወዲያ ነው። ወደዚያ የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ ዝም ያሉ፣ ፈገግ የሚሉ፣ የሄዱበትን የማይናገሩ ሆነው ነው። ያልተመለሱም አሉ።

«ልጄስ?» አለች ምንትዋብ። ሌላ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

«ሕንፃው የረጋ ስለሆነ፣ የሚወስዳት ጎረቤት ካለ እዚሁ ትቆያለች። ትምህርት ቤቷም አይቀየርም።»

«ሕንፃው ባይረጋስ?»

«ባይረጋ ቆላ ወዳለው የልጆች ማደሪያ ነበር የምትሄደው። ግን ረግቷል፤ ስለዚህ አይጨነቁ» አለች አስካለ። አጽናናሁ ብላ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ምንትዋብ ሸራው ፊት ስትቀመጥ ከላይ በስተቀኝ ጥግ ላይ ቢጫ ነገር አየች። ጥፍር የምታህል፣ ከግራጫው ሥር ሾልካ የወጣች። ጠጋ ብላ ተመለከተችው። ብሩሹ ቢጫ አልነካም፤ እሷም ቢጫ አልነካችም። ነክታለች እንዴ? ሌሊት ተኝታለች? በእንቅልፍ ልቧ ተነስታ መጥታ ይሆን? «የተከፈለ ሰው» ያለችው አስካለ ይህንን ይሆን? ከወንበሩ ማዶ የሌሊቱን ተራ የተቀመጠችው እትዬ ሄራን ጭንቅላቷን ደፍታ አሸልባለች። ምንትዋብ ማንንም አልጠየቀችም። ቢጫውን በግራጫ ሸፈነችው፤ እጇ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ሳተ።

ማታ ቤቷ ወርዳ ዘርፌን እራት አበላች። ዘርፌ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእሷ ሸራ ቶሎ ነበር የረጋው፤ ትምህርት ቤት በተተከለው ትንሽ ድንኳን ውስጥ። ልጆች ቶሎ ይረጋሉ ይባላል።

«እማዬ» አለች ዘርፌ፣ ሳህኗን ወደ ጎን እየገፋች፣ «አርብ ነው አይደል የመጨረሻው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል። ስሚ፣ ቢጫ በጣም አታብዢ እሺ? ብዙ ቢጫ ካለ ውሸት ነው ይላሉ። መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ታደርጊና ከሱ ሥር ሰማያዊ። ከዚያ ሰማያዊው ጫፍ ላይ ብቻ ቢጫ። ዛፍ ከሳልሽ ሥሩ ይታይ። ሥር ከሌለው ይጠይቁሻል።»

ምንትዋብ ልጅዋን አየቻት። «አንቺ እንደዚያ ነው የሳልሽው?»

«ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንስለው።»

«አባትሽን ስታስቢስ?»

ዘርፌ ለጥቂት ጊዜ አሰበች፤ ጥያቄው ከባድ ሆኖባት ሳይሆን ለእናቷ የሚሆነውን መልስ እየፈለገች ይመስላል። «ሸራ ላይ አላስበውም» አለች። «ሌላ ቦታ ነው የማስበው።» ከዚያ ተነስታ ሳህኗን አጠበች፤ ብሩሽ የሚያጥብ ሰው እንደሚያደርገው ውሃውን ሦስት አራት ጊዜ አራግፋ።

የዚያን ሳምንት ምንትዋብ ልጇ እንዳስተማረቻት ሳለች። ትንሽ ጥቁር፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ፣ ሥሩ የሚታይ ዛፍ። እጇ እንደ ተበደረችው እጅ አልታዘዝ እያለ፣ ጎትታ ጎትታ ሳለችው። ፈትያ ከኋላዋ ሆና ሰማያዊውን ስታይ፣ «እልልታ ለቅሶ ቤት አይሆንም እንጂ!» አለች። ጋሽ ኢምራን እግሩን እንደልቡ ዘረጋ። ጋሽ ማክቤል ማታ መጥቶ ሸራውን በሩቁ ሲያይ ደንቡን መናገር ረሳ። ያን ሌሊት ሁሉም ነገ አርብ ነው ብለው ተስፋ አድርገው ተለያዩ፤ ድንኳኑን ማን እንደሚጠቀልል እንኳ ተነጋገሩ።

አርብ አስካለ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ «እንዴት አደሩ?» አለች፣ መልሱን ሰማች። ሸራው ፊት ቆመች። ትከሻዋ ወረደ።

«ጋሽ ማክቤል፣ ሰዎቹን ያስወጡልኝ። እርስዎም በሩ ላይ ይቁሙ፤ ወደ ውስጥ ግን አይዩ። ተገልጦ ይነበባል።»

ጎረቤቶች ተነስተው አንድ በአንድ ወጡ። የሚተያዩ አልነበሩም። ምንትዋብ ያን ጊዜ አላስተዋለችውም፤ በኋላ ስታስታውሰው ግን እያንዳንዳቸው ሲወጡ ሸራውን ሰረቅ አድርገው አይተውት ነበር።

አስካለ ንብርብር የሚለይ መብራቷን ከሸራው ኋላ አበራች። በድንኳኑ ግድግዳ ላይ የትናንቱ ሥዕል ታየ፤ ዛፉ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው። ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ ንብርብር ተነሳ፤ ከሥሩ ግራጫ። ሌላው ተነሳ፤ ሌላ ግራጫ። አስካለ በዝግታ ነበር የምትገልጠው። «ይህን ይመልከቱ» አለች።

በሁለት ግራጫ መካከል ቢጫ ጀምበር ነበረች። ክብ ልትሆን ፈልጋ ያልቻለች፣ ዙሪያዋ እየተርገፈገፈ የተሳለ። በላይዋ ያው እጅ በጥድፊያ ግራጫ አልብሷታል፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሳይሸፍናት ቀርቷል። ምንትዋብ አየቻት። ያ የሚርገፈገፍ መስመር የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። እትዬ ሄራን ብርጭቆ ስትይዝ ውሃው እንዲሁ ነው የሚርገፈገፈው።

«ይህን መቼ ሳሉት?» አለች አስካለ።

ሌላው ንብርብር ተነሳ። ሰማያዊ፣ አጫጭር፣ እኩል እኩል የሆኑ መስመሮች፣ ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው፣ ጨርቅ የተሰፋበትን ቦታ ይመስላሉ። ኢምራን። ጉሙን ሰፍቶት ነበር። ሌላው ተነሳ። ሙሽራ እጅ ላይ በሂና እንደሚሳለው ሐረግ፣ ጥምዝ ጥምዝ ያለ፣ ቅጠሉ ጥፍር የሚያክል። ፈትያ፣ አንቺ ሴትዮ። ሌላው ተነሳ። የማን እንደሆነ ያላወቀችው አበባ፤ ምናልባት ከታችኛው ፎቅ፣ ደረጃ ላይ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው የማያውቁት ሰው። ሌላው ተነሳ። ዛፍ ነበር፤ ግንዱ ጥሩ ግንድ ነው፣ ቅጠሉ ግን ደም የመሰለ ቀይ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እድሩ አረንጓዴ የድንኳን ሸራ ግዛ ብሎ ልኮት ቀይ ይዞ የመጣው፣ አሁን በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሳል የያዘው ዳኛ።

ገባት። ሁሉም በየተራቸው፣ እሷ ስትወርድ፣ በግራጫው ላይ የሚያበራ ነገር አኑረዋል። አንባቢ የሚያየው ከሥር ያለውን ነው ሲባል ሰምተዋል። ከዚያ እንዳታፍር፣ እንዳይከፋት፣ እንዳታውቅባቸው በላዩ መልሰው ጉሟን አልብሰውታል። እያንዳንዱ ያደረገው ለብቻው ነው። እያንዳንዱ አንዲት ጭረት ምን ታመጣለች ብሏል። አንዲት ጭረት ምንም ባላመጣች ነበር፤ ተደማምረው ግን አንዲት ሴት ወደ ብዙ ሰው የተሰባበረች አስመሰሏት።

«አንድ ቀርቷል» አለች አስካለ።

የመጨረሻው ሸራው ግርጌ ነበር፤ ትንሽ ሰው ተንጠራርቶ ሳይሆን ቆሞ የሚደርስበት ቁመት ላይ። ጀምበር አልነበረም፣ አበባም አልነበረም። ቢጫም ሰማያዊም የለበትም። ሁለት የሥራ ጫማዎች ነበሩ፤ ሶላቸው ብርቱካንማ፣ ማሰሪያቸው በደንብ የታሰረ። ከጫማዎቹ በላይ ሰው የለም፤ ጉም ነው። ከሥራቸው ግን መሬት ተሥሏል፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ደጋግሞ የተቀባ መሬት። ጫማዎቹ መሬቱን ረግጠው ቆመዋል።

ምንትዋብ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም መጀመሪያ፤ ከዚያ ከሆዷ የወጣው ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። ከበልግ ጀምሮ የት እንደነበረ የማታውቀው ሁሉ መጣ። ጣሪያው ላይ ስትወጣ፣ ያንን ወንበር ስትይዝ፣ ያን ግራጫ ስትቀባ ብቻዋን የነበረች መስሏት ነበር። አስካለ አላቋረጠቻትም። ሐዘን ማለት ይህ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሥራዋን የመረጠችው ለዚህ ነበር።

ሲበርድላት አስካለ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። «ወይዘሮ ምንትዋብ፣ አሁን የምጠይቅዎትን ልብ ብለው ይመልሱ። የሚመልሱት ይያዛል። እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ናቸው?»

ምንትዋብ ግድግዳው ላይ ያሉትን ጫማዎች አየች። አንዱን «የእኔ አይደለም» ብትል «የማን ነው?» ይከተላል። የሄራን ቤት፣ የኢምራን ቤት፣ የፈትያ ቤት፣ የዳኛው ቤት፣ ስሙን የማታውቀው ሰው ቤት። ከዚያ ሕንፃው። ከዚያ ቆላ ያለው ማደሪያ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በሰው ሸራ ላይ እጇ የተገኘች የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

«የእኔ ናቸው» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አስካለ መልሱን መዘገበች። «ማረፊያ ሲገቡ አዲስ ሸራ ይሰጥዎታል» አለች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «እዚያ የሚስሉት ከዚህ ጋር ይመሳከራል። እነዚህ እጆች የእርስዎ ከሆኑ እዚያም መታየት አለባቸው። እዚያ አንድ እጅ ብቻ ከታየ፣ የእነዚህ ባለቤቶች ይፈለጋሉ። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች አስካለ፣ መብራቱን አጥፍታ።

ምንትዋብ የሄደችው የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነው። ዘርፌን የወሰደቻት ፈትያ ናት፤ የሕንፃው መርጋት ስላልተነካ ማንም አልተቃወመም። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ ተደርድሮ ነበር። እትዬ ሄራን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ «እኔን አፈር ይብላኝ» አለች፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። ኢምራን ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፍቶ እንደ ከፈተው ቀረ። ጋሽ ማክቤል ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይቅር በይን» አላት።

«ለምኑ ጋሼ?»

«ለ... ድንኳኑ ያፈስ ነበርና።»

ፈትያ ግን ልትናገር ነበር። ምንትዋብን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ «ምንትዬ፣ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁሽ...» ስትል ምንትዋብ አፏን በመዳፏ ያዘቻት።

«አትንገሪኝ።»

«ስሚኝ እስቲ...»

«ከነገርሽኝ አውቀዋለሁ፤ ካወቅሁ ይጠይቁኛል። አብሽሪ። ፀጉሯን ስትሠሪያት ከኋላ ያማታል፤ ቀስ በይ።»

«አንቺ ብቻ አይደለሽም» ልትላት ፈልጋ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ይህችን ቃል ብትሰጣቸው በዚያች ሰዓት ሸክማቸው በወረደላቸው። መስጠት አልቻለችም። ሁሉም ብቻዬን አጠፋሁ ብለው ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ።

ዘርፌ አላለቀሰችም። «መቼ ትመጪያለሽ?» ብቻ አለች።

«ስረጋ» አለች ምንትዋብ።

ማረፊያው ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ሐይቁ ይታያል። ምግቡ ጥሩ ነው፣ የሚጮህ ሰው የለም። የሚረጉ ሰዎች ይረጋሉ፤ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ፈገግ እያሉ ይሄዳሉ። ምንትዋብም ብትፈልግ ትረጋ ነበር። ከዚያ ከድንኳኑ ለቅሶ በኋላ እጇ የራሷ ሆኗል፤ ጉሙ ተገፏል፤ ዮናታንን ከነፊቱ ታስበዋለች፣ እንቅልፍም ትተኛለች። አንድ ማለዳ ብቻ እንደ ልቧ ብትስል አንባቢዎቹ «ረግቷል» ብለው በሸኟት።

በዚያው ማለዳ ግን ወደ ሕንፃው ሄደው የቀሩትን እጆች ባለቤቶች ይፈልጋሉ።

ስለዚህ በየማለዳው ሸራው ፊት ትቀመጣለች። መጀመሪያ ክንዷን በሌላው ክንዷ ተጭና ታደክመዋለች፤ እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ የሄራንን ጀምበር ትስላለች። ከዚያ የኢምራንን ስፌት፤ እኩል እኩል፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ። ከዚያ የፈትያን ሐረግ። ስሙን ያላወቀችውን ሰው አበባ። የጋሽ ማክቤልን ቀይ ቅጠል፤ እጇ ወደ አረንጓዴው እንዳይሄድ እየጠበቀችው። አንባቢዎቹ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። «ምንም ለውጥ የለም» ይላሉ በሐዘኔታ፤ ይሄዳሉ።

ጫማዎቹን መጨረሻ ላይ ነው የምትስላቸው። በጉልበቷ ትንበረከካለች፤ ቁመቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት እንዲሆን። ብሩሹን ከጫፉ ሳይሆን ከወገቡ ትጨብጣለች፤ ሕፃን እንደሚጨብጠው። ሶሉን፣ ማሰሪያውን፣ ከዚያ መሬቱን፣ ደጋግማ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከጦሳ ሥር ባለው ሕንፃ ውስጥ ዘርፌ አድጋለች፤ ብሩሽ አያያዟም ተለውጧል። ምንትዋብ የምታውቀው እጅ ግን ያ ብቻ ነው። ከእሱ ሌላ እንዳትስል ትጠነቀቃለች።